የሱፐር ቦውል ማስታወቂያና የእረፍት ሰዓት ትርኢት፦ ፖለቲካው በየት በኩል ይገባል? (ጥያቄና መልስ)

ይህን የምጽፈው የ2026ቱ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ጭቅጭቁ ግን ከጨዋታው ቀድሟል። የትኞቹ ቡድኖች እንደሚገናኙ ገና ሳይለይ፣ ሰው በእረፍት ሰዓት በሚዘፍነው በባድ ባኒ ጉዳይ ሁለት ጎራ ለይቶ ተቀምጧል።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ሥራዬ የመጣውን ማስታወቂያ ማየት፣ ወረቀቱ መሟላቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ የአየር ሰዓት መመደብ ነበር። "በማስታወቂያውና በትርኢቱ ውስጥ ስላለው ፖለቲካ የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ግን አትጠይቁኝ። ይህን ያህል ዘመን አይቼውም በቅጡ አልገባኝም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ እኛ የለመድነው ኳስ እረፍት ሲወጣ ተንታኞቹ ትንሽ ያወራሉ፣ የባንክ ማስታወቂያ ይመጣል፣ በቃ። እነዚህ ሰዎች ኮንሰርቱን ከየት አመጡት?

መልስ፦ ተመልካች ስለሸሻቸው ነው። በ1967 የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ሲደረግ በእረፍት ሰዓት የተጫወቱት የዩኒቨርሲቲ የማርሽ ባንዶች ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ከዚያ ብዙም አልራቁም። ባንድ፣ ጭፈራ፣ ሲስቁ የሚውሉ ወጣቶች። በ1992 ሲቢኤስ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ የእረፍቱ ዝግጅት ስለ በረዶና ስለ ክረምት ነበር። ፎክስ በዚያችው ሰዓት የራሱን የኮሜዲ ፕሮግራም በቀጥታ ለቀቀ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው እሱን አየ። ሊጉ ደነገጠ። በዓመቱ ማይክል ጃክሰንን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ማርሽ ባንድ መመለስ የለም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ዘፋኙ ለዚህ ሥራ ደህና ገንዘብ አይከፈለውም። የዝግጅቱን ወጪ ሊጉና ስፖንሰሩ ይችሉታል፤ ለዘፋኙ የሚደርሰው የሙያ ማህበሩ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ ነው። የሚያገኘው መድረኩን ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይህ ቦታ አሜሪካ ውስጥ ሌላ የለም። ያልተከፈለው ሰው ደግሞ "እንግዲያው የልቤን ልናገርበት" ቢል አይገርምም።

ጥያቄ፦ 30 ሰከንድ ማስታወቂያ ስንት ነው?

መልስ፦ በ1967 ወደ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2025 እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህ የአየር ሰዓቱ ብቻ ነው። የቀረጻውና የታዋቂ ሰዎቹ ክፍያ ለብቻው ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ከፍሎ ፖለቲካ ውስጥ የሚገባ ኩባንያ ምን ነካው? ግማሹን ደንበኛ ማስቀየም አይሆንም?

መልስ፦ አንዳንዱ አስቦበት ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያስበው ፖለቲካው ይመጣበታል።

የ2017ቱን አስታውስ። ጥር 27 ቀን ትራምፕ የሰባት አገር ዜጎች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ትዕዛዝ ፈረሙ። ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳን ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። እዚህ ያለው ብዙ ሐበሻም ዘመድ ለማምጣት የጀመረውን ፋይል እያሰበ እንቅልፍ ያጣበት ሰሞን ነው። ጨዋታው የካቲት 5 ነበር። በድዋይዘር መስራቹ ከጀርመን ወደ አሜሪካ ሲሰደድ የሚያሳይ ማስታወቂያ ቀርጾ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሳምንት አይሠራም፤ ወራት ይፈጃል። ኩባንያው "የእኛ ታሪክ ነው እንጂ ፖለቲካ አይደለም" ቢል ማን ይስማው? ቢራውን አንጠጣም የሚል ዘመቻ ተነሳበት። የቤት አከራዩ ድርጅት ኤርቢኤንቢ ግን አውቆ ነው የገባው። የተለያየ ዘር ሰዎችን ፊት አሳይቶ "ሁላችሁንም እንቀበላለን" አለ። ኮካ ኮላ ደግሞ በ2014 ያሳየውንና ያኔም ያሰደበውን፣ በብዙ ቋንቋ የሚዘፈነውን የአገር ፍቅር መዝሙር መልሶ አወጣው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወጣቱና ከተሜው ገዢ ይወድልኛል ብሎ የሚያስብ ኩባንያ ሌላው ቢቆጣ ግድ የለውም። ቁጣውም ራሱ ነጻ ማስታወቂያ ነው። በማግስቱ ዜናው ሁሉ ያንን 30 ሰከንድ ደጋግሞ ያሳይለታል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ይህ ፖለቲካ ነው፣ ይህ አይደለም ብሎ የሚወስነው ማን ነው? መንግሥት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሚወስነው በዚያ ዓመት ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ኔትዎርክ፣ ማለትም እንደ ሲቢኤስና ፎክስ ያለው አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ድርጅት ነው። ሊጉም የራሱ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጽሑፉና የሥዕል ንድፉ ይመጣል። ኔትዎርኩ ውስጥ ይህን የሚያይ ክፍል አለ። "ይህቺን ቃል አውጡ፣ ይህቺን ምስል ቀይሩ" ይላል። ከዚያ ያልተጠናቀቀው ቪዲዮ ይመጣል፣ ደግሞ ይታያል። በመጨረሻ ያለቀው። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በ2004 ሙቭኦን የሚባል የግራ ዘመም ቡድን ለሲቢኤስ ማስታወቂያ አቀረበ። ሕፃናት እቃ ሲያጥቡ፣ ቆሻሻ ሲሰበስቡ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ያሳያል። መልዕክቱ የቡሽን የበጀት ጉድለት የሚከፍሉት እነዚህ ልጆች ናቸው የሚል ነበር። ሲቢኤስ "አከራካሪ ጉዳይ አናስተናግድም" ብሎ መለሰው። በ2010 ያው ሲቢኤስ ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ የተባለውን የክርስቲያን ድርጅት ማስታወቂያ ተቀበለ። ተጫዋቹ ቲም ቲቦውና እናቱ የወጡበት፣ ከጀርባው ፅንስ ማስወረድን የሚቃወም መልዕክት ያለበት ነው። "ፖሊሲያችንን አላልተናል" አለ። ያላላበት ምክንያት ምንም ይሁን፣ በ2004 ያዘነ ሰው በ2010 ቢናደድ አልፈርድበትም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ84 ላምበር ነገር ነው። የፔንሲልቬንያ የግንባታ እንጨት ሻጭ ነው። በዚያው በ2017 አንዲት እናትና ትንሽ ልጇ ከሜክሲኮ ተነስተው በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በባቡር ሲጓዙ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ። መጨረሻው ላይ ትልቅ ግንብ ይገጥማቸዋል፤ ግንቡ ላይ ደግሞ የእንጨት በር አለ። ፎክስ ግንቡ አይታይም አለ። ኩባንያው ግንቡን ቆርጦ 90 ሰከንዱን አስተላለፈና "መጨረሻውን ድረ ገጻችን ላይ እዩ" አለ። ሕዝቡ ሲጎርፍ ድረ ገጹ ወደቀ። አሁን የሚያስቀው፤ የኩባንያው ባለቤት የትራምፕ ደጋፊ ነበረች። "ትራምፕ ራሱ በግንቡ ላይ በር ይኖራል ብሏል" ነበር ክርክሯ። የፎክስ ክልከላ ባይኖር ኖሮ ያን ማስታወቂያ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

ጥያቄ፦ ለፕሬዚዳንት የሚወዳደር ሰውስ? እሱንም ኔትዎርኩ ሊከለክለው ይችላል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል፤ የእኔ የቀን ተቀን ሥራም ይህ ስለነበር ትንሽ ልዘርዝር።

በአሜሪካ ሕግ ጣቢያ የእጩን ማስታወቂያ ይዘት መንካት አይችልም። ቢሳደብ፣ ቢዋሽ፣ ዘግናኝ ምስል ቢያሳይ እንደመጣ ያልፋል። ለፌዴራል ሥልጣን ለሚወዳደር ሰው ደግሞ ምክንያታዊ የሆነ የአየር ሰዓት የመሸጥ ግዴታ አለበት። ይህ ግን ለእጩው ለራሱ ብቻ ነው። ለማህበር፣ ለድርጅት፣ እጩውን ለሚደግፍ ቡድን አይሠራም። እነሱን ጣቢያው አልፈልግም ማለት ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1973 ወስኖታል፤ ያኔ ተከራካሪዎቹ ሲቢኤስና የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ነበሩ።

እኛ ጋ አንድ የፖለቲካ ማስታወቂያ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው መልዕክቱን አይደለም። ማን ከፈለው የሚለው ጽሑፍ አለ ወይ? ፊደሉ የስክሪኑን ቁመት ቢያንስ 4 በመቶ ይሆናል ወይ? አራት ሰከንድ ይቆያል ወይ? ይህ የኤፍሲሲ፣ ማለትም ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕግ ነው። ሦስት ሰከንድ ተኩል ከሆነ ይመለሳል። ከዚያ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደከፈለ፣ መቼ እንደሚተላለፍ ተጽፎ የሕዝብ ማህደር ውስጥ ይገባል። ማህደሩ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ አንተም አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ። ጋዜጠኞች ብዙ ወሬ የሚያወጡት ከዚያ ነው።

ይህን ሕግ አንድ ሰው በ2012 ሊጠቀምበት ሞክሯል። ራንዳል ቴሪ ይባላል፤ የታወቀ የፅንስ ማስወረድ ተቃዋሚ ነው። ዘግናኝ የፅንስ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ በሱፐር ቦውል ላይ ማሳየት ፈለገ። እንደ ድርጅት ቢመጣ ማንም አይቀበለውም። ስለዚህ ኦባማን ተቃውሞ ከዴሞክራቶች ወገን ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ አለ! እጩ ከሆነ ይዘቱን ማንም አይነካበትም። የሄደውም ወደ ኔትዎርኩ ሳይሆን ወደ አካባቢ ጣቢያዎች ነው፤ በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ የአካባቢ ጣቢያ ለራሱ የሚሸጣት ጥቂት ደቂቃ አለችና። የቺካጎው ጣቢያ አልቀበልም አለ። ኤፍሲሲም ሰውየው ኢሊኖይ ውስጥ እውነተኛ እጩ መሆኑን አላሳየም ብሎ ለጣቢያው ፈረደ። ሌሎች አካባቢዎች ግን ተላልፎለታል።

ጥያቄ (ከሎንዶን)፦ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ድምጽ ያስገኛል?

መልስ፦ እኔ አይመስለኝም። በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ማይክል ብሉምበርግ ስለ ጦር መሣሪያ ጥቃት የሚናገር የ60 ሰከንድ ማስታወቂያ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አስተላለፈ። ትራምፕም በዚያው ጨዋታ ተመሳሳይ ገንዘብ አወጡ። ከወር በኋላ በሱፐር ቱስደይ፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንድ ቀን የፓርቲ እጩ በሚመርጡበት ዕለት፣ ብሉምበርግ ያሸነፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አሜሪካን ሳሞአ። በማግስቱ ከውድድሩ ወጣ። በ2024 ደግሞ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየርን የሚደግፍ ቡድን 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ የአጎቱን የጆን ኬኔዲን የ1960 ማስታወቂያ ቀድቶ የእሱን ፊት ለጠፈበት። ዘመዶቹ ተቆጡ። እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ ሁሉ ምን አተረፈ? ነሐሴ ላይ ዘመቻውን አቆመ።

ጥያቄ (ከነታንያ)፦ በ2024 የእስራኤል መንግሥት ማስታወቂያ አስተላልፏል ሲባል ሰምቻለሁ። የውጭ መንግሥት ይፈቀድለታል እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ ተላልፏል። ጋዛ ውስጥ ስለተያዙ ታጋቾች፣ በተለይ ስለ አባቶች የሚናገር ነበር። የወጣውም በኢንተርኔት በሚተላለፈው ስርጭት ላይ ነው። የአረብ አሜሪካውያን ማህበር ለኤፍሲሲ አቤት ብሏል። ብዙ ሰው "ሌላው ወገን እኩል ሰዓት ለምን አይሰጠውም?" ይላል። ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይን በሁለቱም ወገን እንዲያሳዩ የሚያስገድደው ደንብ ግን በ1987 ተሰርዟል። ዛሬ መልስ መስጠት የሚፈልግ ገንዘቡን ይዞ መሰለፍ አለበት፤ ያውም ኔትዎርኩ ከፈቀደለት።

ጥያቄ፦ እርስዎ ካዩት ሁሉ በጣም ያፈሩበት ማስታወቂያ የትኛው ነው?

መልስ፦ የራም መኪናው፣ በ2018። ያለ ጥርጥር። የማርቲን ሉተር ኪንግን ድምጽ አንስተው በጭነት መኪና ምስል ላይ አስቀመጡት። ስብከቱ የተሰበከው የካቲት 4 ቀን 1968 ነው፤ ማስታወቂያው የወጣውም ልክ በ50 ዓመቱ በዚያው ቀን። ስለ አገልግሎት የሚናገረውን ክፍል ብቻ መርጠው ነው የወሰዱት። በዚያው ስብከት ውስጥ ግን ኪንግ ማስታወቂያ ሠሪዎችን ይወርፋቸዋል። ሰዎች ከጎረቤት ለመብለጥ ብለው ከአቅማቸው በላይ መኪና ይገዛሉ ብሎ ይወቅሳል። መኪና! ሰዎች ወዲያው ያንን ክፍል በማስታወቂያው ምስል ላይ ለጥፈው በትነውታል። የኪንግን ሥራዎች መብት የያዘው አካል ፈቅዷል፤ ስለዚህ ሕጋዊ ነው። ማንም ደግሞ "ፖለቲካ ነው" ብሎ አላገደውም።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ የእኛው ልጅ አቤል (ዘ ዊክንድ) በ2021 ያን መድረክ ሲያገኝ ስለ አገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፈርቶ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በሦስት ሰው ተጠይቋል፤ አንዱማ በስድብ ጭምር።

ዘ ዊክንድ ታምፓ ላይ የዘፈነው የካቲት 7 ቀን 2021 ነው። የትግራይ ጦርነት ከተጀመረ ሦስት ወር አልፎታል። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ የያዘው ወደ 25 ሺህ ሰው ብቻ ነበር። ዝግጅቱ የጠበቀውን እንዲመስልለት ከኪሱ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮበታል። ፊታቸውን በፋሻ የጠቀለሉት ዳንሰኞች ብዙ ሰው አነጋግረዋል፤ እሱ ግን ትርጉሙ ስለ ሆሊውድ ታዋቂነትና ሰው ለመወደድ ብሎ ስለሚሆነው ነገር እንደሆነ ተናግሯል። ፖለቲካ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቸገሩት በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚያው ዓመት የፕሮግራሙ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነ። መድረኩ ላይ ቢናገርስ ምን ሊል ነበር? እኛ ራሳችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በማንስማማበት ጉዳይ እሱ በ13 ደቂቃ ውስጥ ምን ብሎ ሁላችንንም ያስደስተን? የስካርቦሮ ልጅ ነው፤ አያቱ አማርኛ እያናገሩት አሳደጉት። የእኛን ክርክር በእሱ ትከሻ ላይ ባንጭን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ዘፋኞቹ የሚያደርጉትን ሊጉ አስቀድሞ ያውቃል? ኤሚነም ሲንበረከክ "ሊጉን ሸወደው" ተብሎ ነበር።

መልስ፦ አልሸወደም። በ2022 ኤሚነም የተንበረከከው፣ ዘረኝነትን ተቃውሞ መዝሙር ሲዘመር ይንበረከክ የነበረውን ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክን በሚያስታውስ መንገድ ነው። ሊጉ በኋላ "በልምምድ ላይ አይተነዋል፣ እናውቅ ነበር" አለ። ልምምዱ በሙሉ ይታያል።

አንዳንዴ ደግሞ ሊጉ አይቶ ይደነግጣል። በ2020 ጄኒፈር ሎፔዝ ሕፃናትን የሚያበሩ ቀፎዎች ውስጥ አስቀምጣ አወጣች። ድንበር ላይ በብረት አጥር ውስጥ የታሰሩትን የስደተኛ ልጆች ማለቷ ነው። በኋላ በወጣ ዘጋቢ ፊልሟ ላይ እንደሚታየው፣ በዋዜማው ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ቀፎዎቹ ይውጡ ይላል። እሷ እምቢ አለች፤ ቀፎዎቹም ሳይነሱ ትርኢቱ ላይ ታዩ። አስቡት፤ መድረኩ የሚገጣጠመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ዝግጅቱ ተጠንቶ አልቋል፣ በማግስቱ ጨዋታ ነው። በዚያች ሰዓት ዘፋኙን የሚተካ የለም። ዘፋኝ ሊጉን የሚያሸንፍባት ጊዜ ያቺ ዋዜማ ብቻ ነች።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ በ2025 ሜዳ ላይ የሱዳንና የፍልስጤም ባንዲራ የያዘው ልጅስ?

መልስ፦ እሱ ነው ትክክለኛው ያልተፈቀደ። ከራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ትርኢት 400 የሜዳ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር። ባንዲራውን ደብቆ አስገባና ለትርኢቱ የቀረበው መኪና ላይ ቆሞ ዘረጋው። የጥበቃ ሰዎች ሮጠው ያዙት። ከሊጉ ስታዲየሞች ዕድሜ ልኩን ታገደ። ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ግን አብዛኛው አላየውም፤ ካሜራው ሌላ ቦታ ነበር።

በዚያው ትርኢት የተፈቀደውን ደግሞ ተመልከት። ተዋናዩ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን የአሜሪካ ምሳሌ የሆነውን ሽማግሌ አንክል ሳምን ሆኖ ኬንድሪክን "ጩኸትህ በዛ፣ ሰፈርኛ ሆነብህ" እያለ ይገስጸዋል። ጥቁር ዳንሰኞች በቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ የአሜሪካን ባንዲራ ሠርተው፣ ከመሃል ለሁለት ይከፈላሉ። ፕሬዚዳንቱ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በሥልጣን ላይ እያለ ሱፐር ቦውል የገባ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። ትርኢቱን 133 ሚሊዮን ተኩል ሰው አየው። ከዚህ በላይ ፖለቲካ ምን አለ? ግን በሥዕልና በልብስ ስለተነገረ አለፈ። በዚያው ጨዋታ ሊጉ ከ2021 ጀምሮ ሜዳው ጫፍ ላይ ይጽፈው የነበረውን "ዘረኝነት ይቁም" አንስቶ "ፍቅርን ምረጡ" ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ሰሞኑን የደረሱት አደጋዎች ናቸው አለ። ያመነው አመነው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ድሮ ስፖርት ስፖርት ነበር። ፖለቲካውን ማን አስገባብን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድሮ የምትለው መቼ ነው?

ጥር 27 ቀን 1991፣ ታምፓ። የባህረ ሰላጤው ጦርነት ከተጀመረ አሥር ቀኑ ነው። ዊትኒ ሂውስተን ብሔራዊ መዝሙሩን ዘመረች፣ ተዋጊ ጄቶች ከላይ አለፉ፣ ሰው አለቀሰ። ኤቢሲ በእረፍት ሰዓት ትርኢቱን ትቶ የጦርነት ዜና አሳየ። መዝሙሩ በካሴት ተሸጠ። ይህ ፖለቲካ ነው ያለ ብዙ ሰው አልሰማሁም። በ2002 የሮክ ባንዱ ዩቱ የመስከረም 11 ሟቾችን ስም ከጀርባው ባለ ስክሪን ላይ እያሳየ ዘፈነ፤ በዚያው ጨዋታ የዋይት ሀውስ የአደንዛዥ እፅ መከላከያ ቢሮ "ሃሺሽ የምትገዛ ሰው ለአሸባሪ ገንዘብ ትሰጣለህ" የሚል ማስታወቂያ ከፍሎ አስተላለፈ። መንግሥት ራሱ ማለት ነው።

ይህን ደግሞ ጨምርበት። በ2015 ጆን ማኬይንና ጄፍ ፍሌክ፣ ሁለቱም ሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ አንድ ሪፖርት አወጡ። በየስታዲየሙ ግዙፉን ባንዲራ ሜዳ ላይ መዘርጋቱ፣ ወታደሩን አስነስቶ ማስጨብጨቡ፣ ያ ሁሉ ከልብ የመጣ ይመስለን ነበር። ለካ የተወሰነው በመከላከያ ሚኒስቴር ተከፍሎበታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርት ቡድኖች ተሰጥቷል። ሊጉ በኋላ ከ720 ሺህ ዶላር በላይ መለሰ። ማኬይን የጦር ጀግና ነበር፤ "ወታደሩን ይጠላል" ብሎ ሊከሰው የሚችል ሰው አልነበረም። እሱን ያናደደው ማስታወቂያ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያ አለመባሉ ነው።

ስለዚህ ፖለቲካው ዛሬ አልገባም። ጄቱ ሲያልፍ ከሚጨበጭቡት ጋር ከተስማማህ ፖለቲካው አይታይህም። በ2016 የቢዮንሴ ዳንሰኞች ብላክ ፓንተር የተባለውን የ1960ዎቹ የጥቁሮች የትግል ድርጅት ጥቁር ኮፍያ አድርገው ሲወጡ ግን ወዲያው ይታይሃል። እኔ እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ከፈለ? ለቢዮንሴ ኮፍያ የከፈለ መንግሥት የለም።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ እኛ የምናየው ፕሪሚየር ሊግ ነው። እዚያስ ይህ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ በዝምታ። አርሰናል ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት እጅጌው ላይ "ሩዋንዳን ጎብኙ" የሚል ማስታወቂያ ለብሶ ሲጫወት አይተሃል። የከፈለው የሩዋንዳ መንግሥት ነው። በ2025 መጀመሪያ የኮንጎ ከተማ ጎማ፣ ሩዋንዳ ትደግፈዋለች በሚባለው የአማጺ ቡድን በኤም23 ስትያዝ የኮንጎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለአርሰናል፣ ለፒኤስጂና ለባየርን ሙኒክ ውሉን አቋርጡ ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ ነው ብዙ ደጋፊ እጅጌውን በደንብ ያነበበው።

ጥያቄ፦ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ እጁን ማጣመሩስ ከዚህ ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ በካሜራው በኩል አዎ፣ በገንዘቡ በኩል አይሄድም። በ2016 ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ መስመሯ ላይ ያደረገው በቀጥታ ስርጭት ለዓለም ሁሉ ታየ። ማንም አልፈቀደለትም፣ ማንም አልከፈለውም። የኦሎምፒክ ሕግ የፖለቲካ መግለጫ ይከለክላል፤ የብር ሜዳሊያውን ግን አልቀሙትም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ወደ ዘንድሮው እንምጣ። ባድ ባኒ በስፓኒሽ ነው የሚዘፍነው። አሜሪካዊ ዘፋኝ ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ አሜሪካዊ ነው። የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው፤ ፖርቶ ሪኮዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው።

የተቆጡበት ምክንያት ግን ቋንቋው ብቻ አይደለም። በ2025 አሜሪካ ውስጥ የማይዞረው የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ኮንሰርቱ በር ላይ ይቆማሉ ብሎ ስለፈራ መሆኑን ተናግሮ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ መመረጡ ሲሰማ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስትሯ ፖሊሶቻችን እዚያ ይገኛሉ አለች። ትራምፕ ሰምቼውም አላውቅ አሉ። ተርኒንግ ፖይንት የተባለው የወግ አጥባቂዎች ድርጅት በዚያው ሰዓት የራሴን ትርኢት አዘጋጃለሁ ብሏል። የፎክስን የ1992 ዘዴ አስታወሰኝ። እሱ ደግሞ አንድ የኮሜዲ መድረክ ላይ በስፓኒሽ ተናግሮ ሲያበቃ፣ "ካልገባችሁ ለመማር አራት ወር አላችሁ" አለ።

ሊጉ ወደ ኋላ አላለም፤ አይልምም። ሊጉ ስደተኛ ስለሚወድ አይደለም። በአሜሪካ ያለውን ተመልካች ጠግቧል፤ አሁን የሚፈልገው ሜክሲኮን፣ ብራዚልን፣ ስፔንን ነው። ጨዋታዎቹን እዚያ ድረስ ወስዶ እያጫወተ ነው። ባድ ባኒ የንግድ ውሳኔ ነው። ፖለቲካው ጥቅሉ ውስጥ አብሮ መጣ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ማስታወቂያዎቹንና ትርኢቱን ለማየት በስንት ሰዓት ልነሳ?

መልስ፦ ጨዋታው በእናንተ አቆጣጠር ሰኞ የካቲት 2 ቀን 2018 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ትርኢቱ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ማስታወቂያዎቹን ብለህ ከሆነ ግን አትነሳ። ከአሜሪካ ውጭ የሚሄደው ስርጭት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ አይታዩም፤ ኩባንያዎቹም ከቀናት በፊት ዩቲዩብ ላይ ይለቋቸዋል። ትርኢቱንም ሊጉ ወዲያው ይጭነዋል። ሰኞ ሥራ ካለህ ተኛ።